ምላጩና ባለ ሁለት ራሶቹ ትሎች

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ፀሐዩ ደግ ነበር፣ አራት ሰዓት ላይ የሰጣሁት ስድስት ሰዓት ላይ ደረቀ። የባለቤቴ ሸሚዝ ላይ ያለው ቀለም ግን አልለቀቀም... ጴጥሮስ እስክሪብቶ ሳይከድን ኪሱ ይከታል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ነገርኩት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ "እሺ" አለኝ።

ከሰዓት ልጄ ሮዳስ መጣች። ብቻዋን አይደለም። ሁለት ክዳን ያላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ከባጃጅ ወረደች።

"ምንድነው? ቅቤ ነው?"

"ትል ነው እማ።"

ደነገጥኩ? አዎ። ሳቅኩ? እሱንም።

ዩኒቨርሲቲ ያለው ላቦራቶሪ ቀለም እየተቀባ ነው። ሽታው ይገድላቸዋል አለች። ስለዚህ ወደ እናት ቤት! ከኋላ ያለው ዕቃ ቤታችን ጨለማም ቀዝቃዛም ነው። ቡላውን ወደ ማድቤት አወጣሁና መደርደሪያውን ለቀቅኩላቸው። ቤት የተለቀቀለት ትል ሰምቼ አላውቅም።

ክዳኑን ከፍታ አሳየችኝ። ሶስት በአንዱ ዕቃ፣ ሶስት በሌላው። ጥፍር የማያህል፣ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ... የቅጠል ቁራጭ ይመስላል። ግን ይሄዳል! ውሃው ውስጥ ይንሸራተታል! ራሱ ሶስት ማዕዘን፣ ራሱ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ። ዓይኑ ነው። በጴጥሮስ መነጽር ጠጋ ብዬ ሳየው ዓይኑ ሸውራራ ነው። ወደድኩት። ምን ልበል... ወደድኩት። ፕላናሪያ ይባላል። በ88 አስራ ሁለተኛን ስጨርስ ባዮሎጂ መጽሐፋችን ላይ ስዕሉ ነበር። ስሙን አስጠኑን እንጂ እንዲህ ማማሩን ማን ነገረን?

ደግሞ ከተቆረጠ ይበቅላል። ራሱን ስትቆርጪው ራስ ያወጣል፣ ጅራቱን ስትቆርጪው ጅራት። ሲፈልግም በራሱ ለሁለት ይከፈልና ሁለት ትል ይሆናል።

"እንደ እንሰት" አልኳት።

"እማ፣ እንሰት እኮ ተክል ነው።"

ተክል ቢሆንስ?

የማስተርስ ጽሑፏ በእነዚህ ላይ ነው። በሰውነታቸው ውስጥ ጂን የሚባሉ ትእዛዞች አሉ፤ የትኛው ወገን ራስ፣ የትኛው ወገን ጅራት እንደሚሆን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሮዳስ ከትእዛዞቹ አንዱን በመድኃኒት ዝም ታሰኛለች። ዝም ሲል ምን ይሆናል? አልናገርም አለች።

"ለምን?"

"ነገ እሁድ ነው። መዘምራኑ በሙሉ ያውቁታል።"

ስም ማጥፋት ነው። የእሷን ጉዳይ ቤተክርስቲያን ያወራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሺ፣ ሁለት።

ግን ገባኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጊዜ አልሆነላትም፣ እኔም "ሊሳካላት ነው" ብዬ ላገር ነግሬ ነበር። ሀደሮ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት የወሰደችው ፈቃድ ሰኔ ላይ ያልቃል። ካሁን በኋላ አራዝሙልኝ ማለት የለም። ዘንድሮ ካልሆነ ሶስት ዓመት ውሃ በላው።


መጋቢት 8፣ ሰኞ

ጉበት ፍለጋ። ትሎቹ የሚበሉት ጉበት ነው! ሮዳስ ትፈጨውና ለአንደኛው ዕቃ መድኃኒቱን ትቀላቅልበታለች፣ ለሁለተኛው ባዶውን ትሰጣለች፣ ልዩነቱ እንዲታይ። መድኃኒቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ጠብታ ነው፤ ለሶስት ትል ብቻ ነው የበቃው።

አቤሴሎም ሥጋ ቤት ሄድኩ።

"ለስንት ሰው ነው የሮዳስ እናት?"

"ለስድስት ትል።"

ቢላዋውን አስቀመጠ። "ጾም ገብቶ ገበያ ቀዝቅዟል እንጂ ትል ደንበኛ ይሆናል አላልኩም ነበር" አለ። በነፃ ቆርጦ ሰጠኝ፣ የጣት ጫፍ ታህላለች።

ስመለስ ጎረቤቴ ተናኜ በር ላይ ያዘችኝ። አፍንጫዋ ጉበት በፌስታል ውስጥ ያውቃል።

"በሁዳዴ? እናንተስ አትጾሙም፣ ደግሞ ይዛችሁ ትዞራላችሁ!"

"ለእኔ አይደለም ተናኜ፣ ለትል ነው።"

"ትሉም ጴንጤ ሆነ?"

እስክንወድቅ ሳቅን።


መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ዛሬ ቆረጠቻቸው። ሶስት ጊዜ መድኃኒቱን በልተዋል፣ ይበቃቸዋል አለች።

አጠገቧ ቆሜ አየሁ። በረዶ ላይ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ትል። ሲበርደው ይፈዛል፣ ያኔ በአዲስ ምላጭ ፊቱን ቸብ፣ ኋላውን ቸብ። የቀረው መሀል ብቻ። ስድስቱንም። ሲያልቅ እያንዳንዱ ዕቃ ውስጥ ራስም ጅራትም የሌላቸው ሶስት ሶስት ቁራጮች... አዘንኩላቸው። እነሱ ግን ምንም አልመሰላቸውም።

ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ለምርመራ ያስቀረቻትን ጠብታ ይዛ፤ እዚያ ባለ ትልቅ ላቦራቶሪ መድኃኒቱ ትክክለኛ መሆኑን ታስመረምራለች፣ ስልጠናም አላት። ለፋሲካ ትመለሳለች። አደራውን መኪናው እስኪንቀሳቀስ ስትደጋግም ነበር።

"ምግብ የለም። ብርሃን የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ መቀየር፣ የምንጩን ውሃ፣ የቧንቧ አይደለም። ሌላ ምንም አትንኪ። እማ፣ ምንም።"

"ምንም" አልኩ። ማልኩም።


መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ውሃ ቀየርኩ። ቁራጮቹ በሕይወት አሉ። ጫፍ ጫፋቸው ነጣ ያለ ይመስላል... ወይስ መነጽሩ ነው?


መጋቢት 26፣ ዓርብ

ሁለት ቀን ገጠር፣ ሌሞ፣ ወንድሜ ዮናስ ጋ ነበርኩ። ወገቤ የለም። ግን ደስ ሲል! ዝናቡ ሰኞ ጀምሮላቸዋል፣ መሬቱ ልስልስ ብሏል። የእንሰት ችግኝ ስንለይ ሰነበትን።

አባታችን ያስተማረን ነው። አምና አሚቾውን፣ ያንን ከመሬት በታች ያለውን ወፍራም ሥሩን፣ ቆፍረን አውጥተን መሀሉን ፈልፍለን ቀብረነዋል። ልቡ ካልወጣ ሌላ ቡቃያ አይመጣም፤ ልቡ ሲወጣ ዙሪያውን ይፈላል። ዘንድሮ ከአንዱ አሚቾ ላይ አርባ ሶስት ቡቃያ! ዮናስ ያነሳል፣ እኔ በቢላዋ እለያለሁ። ተጣብቀው ያደጉ መንታዎች አሉ፤ ካልለየሻቸው አንዱ አንዱን ሲሻማ ሁለቱም ይቀጭጫሉ። መሀላቸውን አይቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ነው። ማመንታት የለም። ዮናስ "እጅሽ አልረሳም" አለኝ።

በጋሪ አስፋልት ድረስ ሸኘኝ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ገባሁ። ጴጥሮስ ሲያየኝ "ማንን ፈልገው ነው?" አለ።


መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ጥሩ ሥራ ሠራሁ ዛሬ።

ውሃ ልቀይር ስከፍት... የሁለተኛው ዕቃ ትሎች ሙሉ ሆነዋል። ከፊት ራስ፣ ከኋላ ጅራት፣ ዓይናቸው እንደ ድሮው ሸውራራ። እልል አልኩ። የአንደኛውን ስከፍት ግን... ጌታ ሆይ! ከፊትም ራስ፣ ከኋላም ራስ! ሶስቱም! አንዱ ራስ ወዲህ ይሄዳል፣ አንዱ ወዲያ። ይጎተታሉ፣ ይለጠጣሉ፣ የትም አይደርሱም። ቆሜ አየሁ፣ ሩብ ሰዓት ያህል። አንዱ ሊበጠስ እስኪደርስ ተለጥጦ ተመልሶ ኩምትር አለ።

በራሳቸው ይከፈላሉ ብላ የለ? ሊከፈሉ ጀምረው ያቃታቸው ናቸው። መንታ ናቸው። ተጣብቀው የቀሩ።

ትናንት አርባ ሶስት ስለይ የዋለ እጅ... ምን ይጠብቃል? በረዶ አወጣሁ፣ ሮዳስ ካስቀመጠችው አዲስ ምላጭ አነሳሁ፣ እሷ እንዳደረገችው ክዳን ላይ አስተኛኋቸው፣ መሀላቸውን አይቼ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ። ከቀኑ አምስት ሰዓት ነበር። ስድስት ሆኑ። እያንዳንዱ የራሱ ራስ አለው፣ ቁስሉ ላይ ጅራት ያወጣል። ውሃ ቀየርኩላቸውና ጨለማቸው ውስጥ መለስኳቸው።

ሶስት ሰጥታኝ ሄደች፣ ስድስት ታገኛለች። ስትመጣ ምን ትላለች ይሆን?


መጋቢት 28፣ እሁድ

ከቤተክርስቲያን ስንመለስ ሮዳስ ደወለች። ድምጿ ልክ አስራ ሁለተኛ ክፍል ያለፈች ቀን እንደነበረው።

"እማ፣ ቁጭ ብለሻል?"

"ቆሜያለሁ።"

"ተቀመጪ። መድኃኒቱ ተመረመረ። ትክክል ነው! በፊት ያልሠራው ተበላሽቶ ነበር፣ ይሄኛው ግን ትክክል ነው። አሁን ልነግርሽ እችላለሁ። ዝም ያሰኘሁት ትእዛዝ 'እዚህ ጅራት ይሁን' የሚለውን ነው። እሱ ዝም ካለ የተቆረጠው ቦታ ሁሉ ራስ ነው የሚያወጣው። ባለ ሁለት ራስ ትል ካየሁ ተመረቅኩ ማለት ነው። አየሻቸው?"

ዝም አልኩ። እኔ! ዝም!

"እማ? ኔትወርኩ ነው?"

"ኔትወርኩ ነው" አልኩ። "ጨለማ ውስጥ ናቸው ብለሻል እኮ..."

"ልክ ነሽ፣ ከውሃው ቀን ሌላ አትክፈቺ። መጥቼ በዓይኔ አያለሁ። ጸልዪልኝ።"

ተቀመጥኩ። መንታ አልነበሩም። የጠበቀቻቸው እነሱ ነበሩ። ሶስት ዓመት የደከመችለትን ነገር እኔ በአንድ ምላጭ... ሌላ ጠብታ የለም። ሌላ ትል የለም። ሌላ ዓመት የለም።

ለጴጥሮስ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀ፣ አጸዳ፣ መልሶ አደረገ።

"ምንም አትንኪ አላለችሽም?"

"ብላኛለች።"

"እሺ" አለ። የመጀመሪያ ጊዜ ነው "እሺ" ሲል የከፋኝ።


መጋቢት 29፣ ሰኞ

ተናኜ አሞሻል ወይ አለችኝ። ሳላወራ ስላለፍኳት።


ሚያዝያ 2፣ ሐሙስ

ሳልከፍት መቆየት አልቻልኩም። ስድስቱም በሕይወት አሉ። በቆረጥኩት በኩል ነጭ ጉብታ ብጤ ወጥቷል፣ እንደ ሩዝ ፍሬ ጫፍ። ምን ሊሆን ነው? ጅራት? ጅራት ከሆነ ተራ ትሎች ሆኑ ማለት ነው፣ አለቀ።

ግን ቆይ... እሷ ምን ነበር ያለችው? "የተቆረጠው ቦታ ሁሉ።" ሁሉ! እኔ የቆረጥኩትስ? የተቆረጠ ቦታ አይደለም? ትእዛዙ አሁንም ዝም ብሎ እንደሆነስ?

ለጴጥሮስ ነገርኩት። የራሱን መነጽር አንስቶ ቀድሞኝ ወደ ዕቃ ቤት ሄደ። ሁለታችንም በአንድ ባትሪ፣ ጭንቅላታችን እየተጋጨ።

"ጉብታው ሾጣጣ ነው ወይስ ክብ?" አለኝ።

"ነጭ ነው።"

"ቀለሙን አልጠየቅኩም የሮዳስ እናት።"


ሚያዝያ 5፣ እሁድ

ሆሳዕና። ተናኜ ዘንባባዋን ጣቷ ላይ አስራ ከቤተክርስቲያኗ ስትመለስ ደጃፌ ላይ አገኘችኝ፣ በኩሽና ሽርጥ፣ በባዶ እግር፣ እየዘለልኩ።

ዓይን! ዓይን አወጡ! በቆረጥኩት በኩል ሁለት ሁለት ጥቁር ነጥብ! ስድስቱም! አንድ ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ጴጥሮስ ቆጠረ። ከፊት ራስ፣ ከኋላ ራስ። በአዲሱ በኩል ያሉት ዓይኖች ገና ትንንሽ ናቸው፣ ግን ያዩኛል! (ያዩኛል ወይስ አያዩኝም፣ እኔ አየኋቸው።)

ሶስት ባለ ሁለት ራስ ነበረ፣ ስድስት ባለ ሁለት ራስ ሆነ!

"ምን አገኘሽ?" አለች ተናኜ።

"ራስ!"

"የጠፋብሽ መቼ ነው?"

ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያቱን አልነገርኳትም። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የሮዳስ ነው፣ እሷ ትስማው ቀድማ። አቀፍኳትና ገባሁ። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ የለም። ስምንት ቀን ተሸክሜው... የለም። ዛሬ ሁለት ጊዜ በላሁ።


ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ዕቃ ቤት። ከኋላዋ ነበርኩ፣ ልንገራት ብዬ አፌን ስከፍት እሷ ጮኸች።

"ስድስት! እማ! ስድስት ናቸው!" አንገቴን አቀፈችኝ። "ሶስት ነበሩ እኮ! ተከፍለዋል! በራሳቸው ተከፍለው እንደገና ሁለት ራስ አውጥተዋል!"

ስታለቅስም ስትስቅም፣ እንዴት ላቋርጣት? ወዲያው መምህሯ ዶክተር ወንዳፈረው ጋ ደወለች። ድምፁ ከስልኩ ይሰማል፦ "ባለ ሁለት ራስ ሆነው በራሳቸው ከተከፈሉማ አዲስ ነገር ነው። ጻፊው!"

ጻፊው አለ።

አሁን በሩ ተዘግቷል፣ የላፕቶፑ ድምፅ ይሰማኛል። እየጻፈችው ነው። ያልሆነ ነገር እየጻፈች ነው። በራሳቸው አልተከፈሉም። እኔ ነኝ።

ዝም ብል ማን ያውቃል? ጴጥሮስ አይናገር። ትሎቹ አይናገሩ። እሷ ደስ ብሏታል፣ ሁሉም ደህና ሆኗል...

ግን እኮ ውሸት ነው። በእሷ ስም።


ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ዛሬም አልነገርኳትም። ሁለት ገጽ ጨርሳለች።


ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ለነገው ክትፎ ጎመን እየከተፍኩ ነበር። ልትረዳኝ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

"ሮዳሴ።"

"ወዬ።"

"አልተከፈሉም።"

"ምኑ?"

"ትሎቹ። እኔ ነኝ የቆረጥኳቸው።"

ቢላዋ በእጄ እንደያዝኩ። እሷ መጀመሪያ ቢላዋውን አየች፣ ከዚያ እኔን።

"ሶስቱንም?"

"ሶስቱንም።"

"በምን?"

"በአንቺው ምላጭ። በረዶም አድርጌያለሁ።"

"እማ... ለምን?"

"አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ሲጎተቱ አሳዘኑኝ። መንታ መሰሉኝ። ከሌሞ ችግኝ ለይቼ መምጣቴ ነበር፣ እጄ እንደዚያው..."

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ቢላዋውን ጣልኩና ተንበረከክኩ፣ "ልጄ፣ ልጄ"... ስትገልጠው እየሳቀች ነው! እንባዋ ጎመኑ ላይ ይንጠባጠባል። "እንደ እንሰት! ትሎቼን እንደ እንሰት!" እኔም ሳቅኩ፣ ጴጥሮስ ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ፣ እሱም ሳይገባው ሳቀ።

ከዚያ ሳቋን አቆመች።

"ጽፌ ልኬው ቢሆንስ እማ?"

"ይቅር በይኝ" አልኳት። "የቆረጥኩት ሳላውቅ ነው፣ ስትጽፊ እያየሁ ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ግን እያወቅኩ ነው።"

የጎመኑን ግንድ ሰበረች።

"ነገርሽኝ" አለች በመጨረሻ። "እኔም ምን እንደምጠብቅ ብነግርሽ ኖሮ አትቆርጫቸውም ነበር። የቆረጥሽበትን ቀን ታስታውሻለሽ?"

"ጽፌዋለሁ።"

"የት?"

ይህንን ደብተር አመጣሁላት። ሌላውን መስመር በመዳፌ እየከለልኩ የትሎቹን ብቻ አስነበብኳት። መጋቢት 27፣ አምስት ሰዓት፣ መሀል ላይ። በአምስተኛው ቀን ነጭ ጉብታ። በስምንተኛው ቀን ዓይን። እየገለበጠች፦

"እማ፣ ይሄ እኮ መረጃ ነው።"

"መዳፌን አትግፊ።"

"ስለ እኔ የጻፍሽው አለ?"

"ስለ ተናኜ ነው።" ውሸት አይደለም። ግማሹ።

ላፕቶፑ ላይ ያሉትን ሁለት ገጾች አጠፋቻቸው። ሲጠፉ አየሁ። ደስ አለኝ፣ እንዴት ደስ አለኝ!


ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

ዶክተር ወንዳፈረው "ቆራጯን አምጫት" ብሎ ሄድኩ። የበዓል ቀሚሴን ለበስኩ። ሊቆጣኝ ከሆነ ለብሼ ይቆጣኝ።

ረጅም ሰው ነው፣ ዝግ ብሎ የሚያወራ። ወንበር ሳበልኝ።

"ወይዘሮ ዘነበች፣ እውነቱን ልንገርዎት። እርስዎ የቆረጡት ለጽሑፉ ማስረጃ አይሆንም። በዕቅድ አልተሠራም፣ ሳይቆረጥ የቀረ ማነጻጸሪያም የለውም።"

"አውቃለሁ ዶክተር።"

"ነገር ግን ባለ ሁለት ራስ እንደገና ቢቆረጥ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ሁለታችንም ፈርተን ትተነው ነበር። ሶስት ብቻ ስለነበሩን። አሁን ስድስት አሉን።"

ሮዳስ ሶስቱን በደንቡ ትቆርጣለች፣ ሶስቱን ሳትነካ ታስቀምጣለች። ከሁለተኛው ዕቃ ተራዎቹንም በተመሳሳይ ሰዓት ትቆርጣለች። ነገ።

ልወጣ ስል ስለ እንሰቱ ጠየቀኝ። ልቡ ለምን ይፈለፈላል? ባለሙያው እሱ፣ ጠያቂው እሱ! ነገርኩት። ልቡ ካለ ሌላውን ዝም ያሰኛል፣ ልቡ ሲወጣ ሁሉም አፍ ያወጣል። ትሎቹ ላይ ደግሞ ሮዳስ ዝም ያሰኘችው ጅራት የሚያዘውን ነው፣ ስለዚህ ሁሉም ራስ ሆነ፣ ልክ እንደ ቤተክርስቲያናችን የሕንፃ ኮሚቴ። ሳቀ። በወረቀት ላይ ጻፈ። የኮሚቴውን ሳይሆን የእንሰቱን፣ ተስፋ አደርጋለሁ።

አርባ ደቂቃ አወራን። ሮዳስ በር ላይ ሰዓቷን ታሳየኛለች።


ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ዘጠኝ! ዘጠኝ ባለ ሁለት ራስ! የተቆረጡት ሶስቱ ስድስት ሆኑ፣ ያልተነኩት ሶስት እንዳሉ አሉ። ተራዎቹ ደግሞ እንደ ደንባቸው ራስና ጅራት።

ሮዳስ ዛሬ አስር ሰዓት ሙሉ ተኛች። ከተወለደች እንዲህ ተኝታ አታውቅም።


ሰኔ 12፣ ሐሙስ

አለፈች!

አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን፣ እኔና ጴጥሮስ። ሸሚዙ ላይ የቀለም ነጠብጣብ አለ፣ ዛሬስ ምን አገባኝ። ሮዳስ ግድግዳው ላይ ትሎቹን አሳየች፣ እንደ በሬ ገዝፈው። ከጎኔ ያለችው ልጅ "አስቀያሚ" ስትል ሰማሁ። ዞሬ አየኋት።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ ጠየቀ፦ "የሁለተኛው ቆረጣ ሐሳብ ከየት መጣ?"

ከመምህሬ ጋር አሰብነው ብትል ማን ይፈርድባታል?

"ከስህተት" አለች። "ትሎቹን ቤት አስቀምጬ ስሄድ እናቴ ተጣብቀው የቀሩ መንታ መስለዋት ለየቻቸው፣ የእንሰት ችግኝ እንደሚለይ። ስመለስ በራሳቸው የተከፈሉ መስሎኝ ነበር። እሷ ናት ያረመችኝ። ቀኑን ጽፋ ስለነበር እሱን ይዘን በደንብ ደገምነው።"

አዳራሹ ሳቀ። ፈታኙም ሳቀ፣ ከዚያ "እናትሽ እዚህ አሉ?" አለ። ጴጥሮስ ክርኔን ይዞ አስነሳኝ። ቆምኩ። ለመናገር ስንት ነገር ነበረኝ... "አለሁ" ብቻ አልኩ።

በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ የምስጋና ገጽ አለ። ስሜ ከመምህሯ ቀጥሎ ነው። ሶስት ጊዜ አነበብኩት። ለተናኜም፣ ለአቤሴሎምም፣ ለመዘምራኑም አነበብኩላቸው። ይሄኛው ይወራል፣ ተፈቅዷል።


ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ሮዳስ ትናንት ወደ ሀደሮ ተመለሰች። ባለ ሁለት ራሶቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ናቸው፣ ቀለሙ ደርቋል። ቤቱ ጭር አለብኝ። ቡላውን ወደ ዕቃ ቤት ልመልስ ስገባ መደርደሪያው ላይ አንድ ብርሌ... ውስጡ አንድ ተራ ትል። ብርሌው ላይ ወረቀት ለጥፋለች፦ "ለእማ። ይሄ ያንቺ ነው።"

ቡላው ማድቤት ይቆይ።

ደወልኩላት።

"ልቁረጥ?"

"ያንቺ ነው አልኩሽ እኮ።"

"ቢሆንም እየጠየቅኩሽ ነው።"

ስትስቅ ሰማኋት። "ቁረጪ እማ።"

ሰኔ 14፣ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ። ብዛት፦ አንድ። ምላጭ፦ አዲስ። መሀል ላይ። ከፊተኛው ጅራት፣ ከኋለኛው ራስ እጠብቃለሁ።

ቸብ።